ለሠራተኛይቱም የተሰጠ ቀን

ዘዳግም 5፥14



ከደጋው አገራችን ወርደው በጅቡቲ ከተማ በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ብዙዎች ናቸው። በዚያ ሰዓት የሚቈጠረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ በጧት አንድ ሰዓት የምንለውን እመቤቲቱ ሰባት ትለዋለች። ደመወዝ የሚከፈለው በፈረንጅ ወር ነው፤ ዕንቍጣጣሽም እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ያልፋል። ከቀትር በኋላ ከተማው ከሙቀቱ የተነሣ ጸጥ ሲል፥ የእርስዋ እጅ ብዙ ጊዜ አያርፍም። የአገሩ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለ ሆነ፥ እኛ እሑድ ስንዘምር እርስዋ ምድጃ አጠገብ ናት።

እግዚአብሔር ግን የሰንበትን ትእዛዝ ሲሰጥ የቤቱን ጌታ ብቻ አላሰበም። ገረዲቱም እንደ እመቤትዋ እንድታርፍ አዘዘ፤ እስራኤልንም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረ አሳሰበው። እንግዲህ ዕረፍት የአሠሪ ችሮታ ሳይሆን የፈጣሪ ስጦታ ነው።

በጅቡቲ አሠሪዎች ላይ ከመፍረዳችን በፊት ወደ ገዛ ቤታችን እንመልከት። ማርቲን ሉተር በ1529 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም፥ ይህን ትእዛዝ መጠበቅ ቃሉን በደስታ መስማት እንደ ሆነ አስተምሮናል። እሑድ ጧት በሩን ከኋላችን የምትዘጋልን ልጅ ግን ቃሉን የምትሰማው መቼ ነው? የእርስዋን ሰንበት ወስደን የራሳችንን ብናከብር፥ ያከበርነው ምቾታችንን ነው።

ስለዚህ ቀንዋን እንመልስላት። በጅቡቲ ላሉትም ዓርብ ዓርብ እንጸልይ። ስለ እኛ አገልጋይ የሆነው ጌታ የደከሙትን ሁሉ ወደ ዕረፍቱ ይሰብስብ። አሜን።