ቆጠራና ምስክርነት፦ የንብረት ሂሳብን ስለሚያቀል ሶፍትዌር

የንብረት ሂሳብ ማለት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ድርጅት ወይም የእምነት ተቋም በእጁ ያለውን ንብረት መቼና በስንት እንዳገኘው፣ የት እንደሚገኝና በማን ኃላፊነት እንደተያዘ እየመዘገበ፣ በአገልግሎት ምክንያት ዋጋው ምን ያህል እንደቀነሰም እያሰላ ለሚመለከተው አካል የሚያሳውቅበት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን እንደ ደንቡ ማካሄድ አድካሚ በመሆኑ ሥራውን የሚያቀሉ ሶፍትዌሮች ይነደፋሉ፤ ንድፋቸውም አብዛኛውን ጊዜ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ከቴክኒኩ የሚቀድም የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንድ ሰው ያላየውን ነገር እንዳየ አድርጎ እንዲፈርም መንገድ የሚከፍት መሣሪያ ሥራን አቀለለ ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ጥያቄው በየግምጃ ቤቱ ይነሣል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል፤ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ፤ በበጀት ዓመቱ መጨረሻም የቆጠራ ኮሚቴ ተቋቁሞ በመዝገብ ያለውን በዓይን ከሚታየው ጋር ያመሳክራል። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን እንዲከተሉ ተደንግጓል። ከእነዚህ መካከል ስለ ቋሚ ንብረት የሚናገረው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ 16፣ የእያንዳንዱ ንብረት የአገልግሎት ዘመን ቢያንስ በየሂሳብ ዓመቱ መጨረሻ እንደገና እንዲመረመር ያዛል።

ሂሳብ መጠየቅ አመኔታ ማጣት ነው ወይ የሚለው ክርክር ግን ከእነዚህ ደንቦች እጅግ የቆየ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ባለጠጋው መጋቢውን ጠርቶ የመጋቢነቱን ሂሳብ እንዲያስረክብ ያዘዋል፤ በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 12 ግን በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ቤተ መቅደሱን ለሚያድሱት ሠራተኞች እንዲከፍሉ ገንዘብ ይሰጣቸው ከነበሩት ሰዎች ጋር፣ በታማኝነት ይሠሩ ስለነበር፣ ሂሳብ አይተሳሰቡም ነበር። ሁለቱ ንባቦች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የመጽሐፈ ነገሥቱ ትረካ ከዚያው በፊት ሣጥኑ ውስጥ የገባውን ገንዘብ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ይቆጥሩት እንደነበር ይናገራል። ስለዚህ አመኔታው የቆመው ሁለት ሰዎች በየዓይናቸው አይተው በቆጠሩት ነገር ላይ ነው። ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 8 የምእመናንን ስጦታ ሲያደርስ አብረውት የሚሄዱ ወንድሞችን መመደቡን የሚያስረዳው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖር በማሰብ ነው። እንግዲህ በዚህ ትውፊት ሂሳብ የታማኝ ሰው መጠበቂያ ነው፤ ይህ አስተያየትም ሂሳብን ሌባ ለመያዝ ብቻ ከሚፈልገው አስተያየት በብዙ ይለያል።

የኢትዮጵያ ገዳማት ይህን የሂሳብና የታማኝነት ግንኙነት በመጻሕፍታቸው ውስጥ አኑረውታል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በሰጡት አራቱ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል፤ በሌሎች አድባራትና ገዳማት ወንጌሎችም የርስትና የጉልት ስጦታዎች ከምስክሮቻቸው ስምና ከግዝታቸው ጋር ተመዝግበዋል። የንብረት መዝገብ በወንጌል ገጾች መካከል መጻፉ መዝገቡን ከስርቆትና ከመጥፋት ከመጠበቁም በላይ፣ የሚጽፈውና የሚመሰክረው ሰው በማን ፊት እንደቆመ ያሳስበው ነበር።

ዛሬ ይህ የምስክርነት ጥያቄ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በቆጠራ ቅጹ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ለቆጣሪዎቹ በሚያሳየው ገጽ ላይ በመዝገብ ያለውን ብዛት አስቀድሞ ካሰፈረ፣ ለምሳሌ «ወንበር 42» ብሎ ከጎኑ «ትክክል» የሚል ምልክት ማድረጊያ ካስቀመጠ፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ነገር ግን ሠላሳ ዘጠኝ ያገኘው ቆጣሪ የጎደሉትን ሦስት ወንበሮች በሌላ ክፍል ይኖራሉ ብሎ ገምቶ ሊያልፍ ይችላል፤ አርባ ሦስት ያገኘውም አንዱን ደግሜ ቆጥሬው ይሆናል ብሎ ይተወዋል። እንዲህ ባለው ቆጠራ መዝገቡ የራሱን ቃል መልሶ ይሰማል እንጂ አዲስ ነገር አይማርም። የመዝገቡ ቁጥር ተሰውሮ የሚደረግ ቆጠራ ግን ቀርፋፋና አንዳንዴም አሰልቺ ቢሆንም፣ ቆጣሪው ያየውን ብቻ እንዲናገር ያደርገዋል። የአንድ ሰው ቃል ምስክርነት የሚሆነው ከሚጠበቀው የተለየ ሊሆን ይችል በነበረ ጊዜ ብቻ ነውና፣ ይህችን ነፃነት የሚያሳጣ ንድፍ ምንም ያህል ቢያፋጥን ሥራውን ከውስጡ ባዶ ያደርገዋል። ባርኮድም ቢሆን በንብረቱ ላይ የተለጠፈው መለያ መነበቡን እንጂ ንብረቱ መሥራቱን ወይም መሰበሩን አያረጋግጥም።

በእርጅና ቅናሽ ላይ ያለው አደጋ ከዚህ የረቀቀ ነው። በ4,000,000 ብር የተገዛ መኪና ያለ ቀሪ ዋጋ አሥር ዓመት ያገለግላል ተብሎ ከተገመተ፣ በየዓመቱ በእኩል መጠን 400,000 ብር ይቀነስለታል። ስሌቱን ማሽን ይሥራው፤ በዚህ ሰው የሚጎድልበት ክብር የለም። አሥር ዓመት የሚለው ግምት ግን ፍርድ ነው፤ በከተማ አስፋልት ላይ የሚውል መኪናና በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና እኩል አያረጁምና። ነዳፊው ለመኪና ሁሉ አሥር ዓመት የሚል ቁጥር አስቀድሞ ሞልቶ ተጠቃሚው ሳያስተውለው እንዲያልፍ ካደረገ፣ በሪፖርቱ ላይ የድርጅቱ ኃላፊ ፈርሞ የነዳፊው ፍርድ ያለ ባለቤት ይገባል። መሣሪያው ቁጥሩን እንደ ሐሳብ አቅርቦ የሚያጸድቀውን ሰው ስምና ምክንያቱን ቢጠይቅ የሚጨምረው ድካም ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ሥራን ማክበድ ቅድስና ነው ማለት አይደለም። በቁርኣን አል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛ አንቀጽ እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ብድር በፍትሐዊ ጸሐፊና በምስክሮች ፊት እንዲጻፍ ያዛል፤ ዳሩ ግን እዚያው እጅ በእጅ የሚፈጸምን ንግድ ባለመጻፍ ኃጢአት እንደሌለበት ይገልጻል፤ ጸሐፊውም ምስክሩም እንዳይጎዱ ያሳስባል። ይህ የመጨረሻው ማሳሰቢያ ለሶፍትዌር ነዳፊ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድን የዕቃ ቁጥር በሦስት ቅጽ ላይ እንዲጽፍ የሚገደድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ውሎ አድሮ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥን ይለምዳል፤ ስለዚህ ድግግሞሽን ማስቀረት፣ ድምርን ለማሽን መተው፣ ደንቡ በማይጠይቀው ጥያቄ ሰውን አለማሰልቸት ለእውነት ቦታ የሚያስገኝ ምሕረት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ቆጠራውና መዝገቡ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚደረገው ነው። ልዩነቱን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ የማስተካከያ ትእዛዝ ያለው ሶፍትዌር ጉድለትን ይሸፍናል፤ ጉድለቱን ወዲያውኑ በንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ላይ ዕዳ አድርጎ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እውነቱን እንዳይናገር ያስፈራዋል። በዚህ መካከል ሊነደፍ የሚገባው፣ የቀድሞውን ቁጥር ሳይሰርዝ አዲሱን ከጎኑ የሚያሰፍር፣ ልዩነቱን ምርመራው እስኪያልቅ ክፍት አድርጎ የሚያቆይ፣ ምክንያቱ በሚጻፍበት ቦታም ቆጣሪው እስካሁን እንደማይታወቅ እንዲገልጽና በዚያው ቃል ላይ ስሙን አስፍሮ እንዲፈርም የሚፈቅድለት መሣሪያ ነው።