ሳይሰሙ መፍረድ
በሮማ ሕዝብና በተጓዦች ላይ ስለሚደርሰው ንቀት የተጻፈ ኹጥባ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። እናመሰግነዋለን፤ እርዳታውንና ምሕረቱን እንለምነዋለን፤ ከነፍሳችን ክፋትና ከሥራችን መጥፎነትም በእርሱ እንጠበቃለን። ከአላህ በቀር በእውነት የሚገዙት አምላክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) ባሪያውና መልእክተኛው መሆናቸውን እንመሰክራለን። የአላህ ሰላትና ሰላም በእርሳቸው፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሓቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይስፈን።

የአላህ ባሮች ሆይ! እናንተንም ራሴንም አላህን እንድንፈራ አደራ እላለሁ። ከመስጊድ ወጥተን ባቡር ስንሳፈር፣ አጠገባችን ስለተቀመጠው ሰው በልባችን የምንሰጠው ፍርድ ከተቅዋችን ይቆጠራል። አላህ የልብን ያውቃል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በአውሮፓ የምንኖር ሐበሾች በየጎዳናው የምናየው፣ ነገር ግን ከአሉባልታ በቀር ምኑንም የማናውቀው ሕዝብ አለ። ብዙ ሰው ጂፕሲ ይላቸዋል፤ እነርሱ ራሳቸውን ሮማ ብለው ይጠራሉ። አባቶቻቸው ከሕንድ የተነሡት ከዛሬ 1000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ሮማኒ የሚባለው ቋንቋቸው ዛሬም ከሕንድ ቋንቋዎች ጋር ዘመድ ነው። ሁሌም ሲዞሩ የሚኖሩ ይመስለናል እንጂ አብዛኞቹ እንደኛው ቋሚ ቤትና ሰፈር አላቸው። በአየርላንድና በእንግሊዝ ደግሞ በዘር ከሮማ የተለዩ፣ በተጎታች ቤት የመጓዝ ልማድ ያላቸው ትራቨለርስ የሚባሉ አሉ። በሁለቱም ላይ የሚወራው አንድ ነው፤ ሌቦች ናቸው፣ ቆሻሾች ናቸው፣ ልጅ ይሰርቃሉ ይባላል።

አላህ በሱረቱል ሑጁራት ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል፤ ከጥርጣሬ ከፊሉ ወንጀል እንደሆነም ነግሮናል። ጥርጣሬ በሰው ቤት ገብቶ ምን እንደሚሠራ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 የአየርላንድ ፖሊስ ሁለት የሮማ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው እጅ ወሰደ። አንዷ በደብሊን የምትኖር የ7 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሌላው የአትሎን ከተማ የ2 ዓመት ሕፃን ነበር። ጥፋታቸው ፀጉራቸው ወርቃማ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ ሆኖ ወላጆቻቸውን አለመምሰላቸው ነው። የዘረመል ምርመራ ተደረገ፤ ልጆቹ የገዛ ወላጆቻቸው ልጆች ሆነው ተገኙ፤ ተመለሱም። እናት ግን ልጅሽ ልጅሽ መሆኑን በምርመራ አረጋግጪ ተባለች። የሌላ ሕዝብ ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ የፀጉሩ መልክ ፖሊስን በር ያስንኳኳ ነበር?

ወገኖቼ! ልጅ ይሰርቃሉ የተባሉት ሰዎች ልጆቻቸውን የተነጠቁ ናቸው። በስዊዘርላንድ ዬኒሽ የሚባል ሌላ ተጓዥ ሕዝብ አለ። ፕሮ ዩቬንቱቴ የተባለው የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት፣ በባለሥልጣናት ድጋፍ፣ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1973 ድረስ 600 ያህል የዬኒሽ ልጆችን ከቤተሰባቸው ነጠለ። ዓላማው ልጆቹ የወላጆቻቸውን የመጓዝ ኑሮ እንዲረሱ ማድረግ ነበር። ይህን ያደረጉት ሰዎች ደግ ሥራ እየሠራን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ንቀት ካባ ደርቦ ርኅራኄ መስሎ ሲመጣ ከሁሉ ይከፋል።

ወደ ኋላ ብንሄድ በዛሬዋ ሮማንያ ምድር ሮማዎች ለ500 ዓመታት ያህል ባሪያ ሆነው ተሸጠዋል፤ ነፃ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን ፈጁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1944 ሌሊት ብቻ በአውሽቪትዝ የቀሩትን ወደ 4,300 የሚጠጉ ሮማዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ በጋዝ ገደሏቸው። የተረፉት ካሳ ሲጠይቁ የምዕራብ ጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1956 ምን አለ? ከ1943 በፊት የደረሰባቸው መከራ በዘራቸው ሳይሆን በገዛ ጠባያቸው የመጣ ነው አለ። ገዳዮቻቸው የሰጧቸው ስም በዳኛ ፊት እንደ ማስረጃ ቆመ! የጀርመን መንግሥት የተፈጸመባቸው የዘር ማጥፋት መሆኑን ያመነው በ1982 ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንቱ ተበዳይ ፍትሕን ሳያይ ሞተ?

ይህ የሌሎች ነውር ነው ብለን ግን አንለፍ። በባልካንና በቱርክ ካሉት ሮማዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። በኮሶቮ፣ በሚትሮቪጻ ከተማ፣ 8,000 ያህል ሰዎች የሚኖሩበት የሮማ ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የበጋ ወራት የኮሶቮ ጦርነት ሲያበቃ ሰፈሩ ተዘረፈ፤ ተቃጠለ። ያቃጠሉት ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ ጎረቤቶች ነበሩ። ምክንያታቸው ሮማዎች ከሰርቦች ጋር አብረዋል የሚል ነው። ያበረም ያላበረም፣ እናትም ጨቅላም፣ በአንድ ላይ ተፈረደባቸው። ከቤታቸው ከተባረሩት ብዙዎቹ በእርሳስ በተበከለ መሬት ላይ በተተከለ መጠለያ ዓመታት ኖሩ፤ የልጆቻቸው ደም ተመረዘ። አላህ አንዲት ነፍስ የሌላይቱን ሸክም እንደማትሸከም አስተምሮን ሳለ፣ እኛ የአንዱን ጥፋት በሕዝብ ሁሉ ጫንቃ ላይ እንጭናለን።

እኛ ሐበሾች ደግሞ ከማንም በላይ የምናውቀው ታሪክ አለ። ሰሓቦች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ቁረይሾች መልእክተኞች ላኩ። ለንጉሡ ለነጃሺ ባለሟሎች ስጦታ ሰጡ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ እንዲመለሱላቸውም ፈለጉ። ባለሟሎቹ አስረክባቸው አሉት። ነጃሺ ግን ቃላቸውን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር (ረ.ዐ) ቆሞ ተናገረ፤ ንጉሡ አዳመጠ፤ ስጦታውን መልሶ እንግዶቹን አስጠለለ። በዚያች ቀን ነጃሺ በስም ብቻ ፈርዶ ቢሆን ኖሮ የእነዚያ ሰሓቦች ዕጣ ምን ይሆን ነበር? የነጃሺ አገር ልጅ ሌላውን ሳይሰማ ሲፈርድ ማየት ያሳፍራል።

ይህን ብያለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እጠይቃለሁ፤ ምሕረቱን ለምኑት፤ እርሱ መሓሪ አዛኝ ነው።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና ለአላህ፤ ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

የአላህ ባሮች ሆይ! አገራችንስ? በጣና ዳር ደንገል እየቆረጡ ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ሙስሊም ነን ሲሉ፣ ጉማሬ በል ተብለው ከሌሎች ሙስሊሞች ማዕድ ሳይቀር ተገልለው ኖረዋል። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ብለን ሸሽተነዋል፤ በሠራው ማረሻ ግን አርሰናል። በአውሮፓም ድስትና ብረት እየሠሩ ከመንደር መንደር የዞሩ ሮማዎች የደረሰባቸው ይኸው ነው። ብረትን አላህ ያለሰለሰላቸው ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) እንደነበሩ የሚያውቅ ሙእሚን እንዴት ብረት ሠሪን ይንቃል? አቡ ዘር (ረ.ዐ) እንኳ አንድን ሰው በእናቱ ባነወረ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለበት ነግረውታል። እርሱን ያላለፈ ተግሣጽ እኛን አያልፍም።

መጓዝ በራሱ ነውር አይደለም። አላህ በዘካ ውስጥ ለመንገደኛው ድርሻ ለይቶለታል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1968 ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ለተጓዦች ማረፊያ እንዲያዘጋጁ ያስገድድ ነበር፤ በ1994 ግዴታው ተሻረ፤ በ2022 ደግሞ ያለ ፈቃድ በሰው መሬት ላይ በተጎታች ቤት መስፈር እስራት ሊያስከትል የሚችልበት ሕግ ወጣ። ማረፊያ ነፍጎ ለምን እዚህ ቆምክ ብሎ መክሰስ ፍትሕ ነውን?

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ምላሳችንን እንጠብቅ፤ በሻይ ቤት ስለ ጂፕሲ የሚነገረውን ቀልድ አንሳቅ፣ ለልጆቻችንም አናውርስ። ሁለተኛ፣ ሰው ቢሰርቀን የሰረቀንን ሰው እንክሰስ፤ ወገኑን አንክሰስ። ሦስተኛ፣ ቤት የምናከራይ ወይም ሠራተኛ የምንቀጥር ከሆንን፣ ሰውን በስሙ ወይም በመልኩ አናባርር፤ ቀርበን እንጠይቀው። አራተኛ፣ በመስጊዳችን ሰፍ ውስጥ የሮማ ሙስሊም ቢገኝ ሰላምታ እንስጠው፤ ቤታችን እንጋብዘው። ጥቁር በመሆናችን፣ ሙስሊም በመሆናችን ሱቅ ውስጥ ሲከተሉን የሚሰማንን ሕመም እናውቀዋለን፤ ያንን ሕመም በሌላው ላይ ካደረስን የቂያማ ቀን ምን ብለን እንመልሳለን?

አላህ ሆይ! ልባችንን ከክፉ ጥርጣሬ አጥራልን። ጌታችን ሆይ! ሳንሰማ ከመፍረድ፣ ተበዳይን አይቶ ከማለፍ ጠብቀን። የተባረሩትን አስጠልልልን፤ የታመሙ ልጆቻቸውን ፈውስልን። በሮማ ሕዝብም ሆነ በየትም አገር ባሉ ግፉዓን ላይ ያለውን ግፍ አንሣ። ለእኛ፣ ለወላጆቻችን፣ ለሙስሊሞች ሁሉ ምሕረትህን ስጠን። አሚን።

ሰፋችሁን አስተካክሉ፤ ሶላት ይቁም።