የጋራውን መንገድ ማን ይጠብቃል?



ቅዱስ መጽሐፍን ስንመለከት እግዚአብሔር ሕዝቡን ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ሲገናኘው እናያለን። አብርሃም አገሩን ትቶ ወጣ፤ እስራኤል በምድረ በዳ ተጓዘ፤ ከሙታን የተነሣው ጌታም ወደ ኤማሁስ ከሚሄዱት ሁለት ደቀ መዛሙርት ጋር አብሮ ተራመደ። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እምነታቸው ራሱ «መንገድ» ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ ይመሰክራል። ስለ መንገደኛው ብዙ ይሰበካል፤ መንገዱን ለሌላው ስለሚያቀናው ሰው ግን እምብዛም አይነገርም። ዛሬ ስለ እርሱ ከእናንተ ጋር ልናስተነትን እንወዳለን።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በጣሊያን አገር፣ በሊጉሪያ የባሕር ጠረፍ የሚገኘው ቺንኰ ቴሬ ነው፤ ትርጓሜውም «አምስቱ ምድሮች» ማለት ነው። ሞንተሮሶ፣ ቬርናጻ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ የተባሉት አምስት ትናንሽ መንደሮች በገደልና በባሕር መካከል ተቀምጠዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት የምድር ባቡር እስኪደርስላቸው ድረስ የሚያገናኛቸው ጀልባ ወይም የእግርና የበቅሎ መንገድ ነበር። ከየመንደሩ በላይ በተራራው ላይ ለእመቤታችን የተሠራ የንግደት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እነዚህም የሶቪዮሬ፣ የሬጆ፣ የሳን በርናርዲኖ፣ የቮላስትራና የሞንቴኔሮ ናቸው። ገበሬው ወደ ወይን እርሻው የወጣበት አቀበት ምእመናን ወደ እመቤታችን የወጡበትም አቀበት ነው።

ይህን መንገድ ደግፎ የያዘው ያለ ጭቃ የተሠራ የድንጋይ ካብ ነው። አባቶች ገደሉን በእርከን ከፋፍለው ወይን ተከሉበት፤ ካቡም በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት የዝናቡን ውኃ ቀስ እያደረገ ያሳልፋል። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ነገር ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄዱ ብዙው እርከን ጠፍ ሆነ። አንድ ድንጋይ ይወድቃል፤ የሚመልሰው ይጠፋል፤ ውኃው በዚያ ይገባል፤ አፈሩ ይናዳል፤ መንገዱም ከካቡ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዩኔስኮ ስፍራውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ሆኖም መዝገብ የወደቀ ድንጋይ አያነሣም።

ድንጋዩን የሚያነሣው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 የተመሠረተው የጣሊያን አልፓይን ክለብ አባላት በዕረፍት ቀናቸው መንገዶቹን ይጠብቃሉ። ቁጥቋጦውን ይመነጥራሉ፤ በድንጋይና በዛፍ ላይ ቀይና ነጭ ቀለም ይቀባሉ፤ ለእያንዳንዱ መንገድ ቁጥር ሰጥተው መገናኛውንና የተናደውን ስፍራ በካርታ ላይ ያሰፍራሉ። በካርታ ያልሰፈረ መንገድ የሚያውቀው ሽማግሌ ሲሞት አብሮት ይቀበራልና። ለዚህ ድካም ደመወዝ የላቸውም። ከኋላ የሚመጣው መንገደኛ ምልክቱን አይቶ በሰላም ያልፋል እንጂ ማን እንደ ቀባው አይጠይቅም።

ይህ ሥራ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2011 የወረደው ከባድ ዝናብ ቬርናጻንና ሞንተሮሶን በጎርፍና በጭቃ ሞላቸው፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በሞንተሮሶ ሌሎችን ሲረዳ የነበረ አንድ በጎ ፈቃደኛ በጎርፉ ተወስዶ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2012፣ ሪዮማጆሬንና ማናሮላን በሚያገናኘው፣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላው «የፍቅር መንገድ» ላይ ድንጋይ ተንዶ ሰዎች ቆሰሉ። መንገዱ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2024 ነው። በቅጽበት የተበላሸውን ለመመለስ 12 ዓመት ገደማ ፈጀ።

«መንግሥት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮም የብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አለ፤ እነርሱ ይሥሩት» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የተናደ ገደል ያለ በጀትና ያለ ባለሙያ አይጠገንም። የመጀመሪያው ድንጋይ ከቦታው ሲንሸራተት የሚያየው ግን በዚያ ዘወትር የሚራመድ ሰው ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋራ ጥቅም የምትሰጠው ትምህርት ከዚህ ይጀምራል፤ የሁሉ የሆነው ነገር የማንም እንዳይሆን፣ ያየው ሰው እጁን ይዘርጋ። ጌታችን በትንሹ ነገር መታመንን ከፍ አድርጎ የቈጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ የቁምስናችንም ሕይወት እንደዚሁ ነው። ትዳር በአንድ ቀን አይፈርስም፤ አስቀድሞ ያልተመለሰች አንዲት ድንጋይ አለች። በጎረቤቶች መካከል ያለው ቂም፣ በቤተሰብ የቀረው የማታ ጸሎት፣ ሳይጠየቁ የሰነበቱት ሕመምተኛ እናት፣ እነዚህ ሁሉ ከቦታቸው የተንሸራተቱ ድንጋዮች ናቸው። ቁምስናው እንዴት እንደ ተመሠረተ፣ ዜማው እንዴት እንደሚዜም፣ መቃብሩ የማን እንደ ሆነ የሚያውቁ አረጋውያን ዛሬ በመካከላችን አሉ። የወጣት ማኅበራት በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ይመዝግቡ። ክረምቱ ያፈረሰው የቤተ ክርስቲያን መንገድም ቢኖር፣ የአባቶቻችንን ደቦ አንርሳ።

እንግዲህ ከቅዳሴ ወጥተን ወደ ቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፤ በየቀኑ እያየናት የምናልፋት የወደቀች ድንጋይ የትኛዋ ናት?

መንገድም እውነትም ሕይወትም የሆነው ጌታችን የተዘረጋ እጅና የማይታክት ልብ ይስጠን። በተራራው መንገድ ልጆቿን የምትጠብቅ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ታማልደን። አሜን።