ባለቤቷ የሚታወቅ ጀልባ
(የጁምዓ ኹጥባ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው፤ ባሕርን ለሰው ልጅ ለገራው፣ መርከብን በማዕበል ላይ ላስኬደው። እናመሰግነዋለን፣ እርዳታውን እንለምነዋለን፣ ምሕረቱን እንጠይቀዋለን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ያ ጀማዓ! ለራሴም ለእናንተም አላህን መፍራትን አደራ እላለሁ። ሰው በሚያያችሁ ቦታም፣ ማንም በማያያችሁ ቦታም ፍሩት።

ዛሬ ስለ ጀልባ እንነጋገራለን። መካነ ሰላም ላይ ቆሞ ስለ ጀልባ መናገር ምን ይባላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እኛ የደጋ ሰዎች ነን። በሽሎና ወለቃ በግራ በቀኝ ወርደው ዓባይ ውስጥ ይገባሉ፤ ዓባይን ራሱን ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነን ቁልቁል እናየዋለን። ወደ ጉንደወይን የሚሻገር ሰው ድልድይ አለው፤ መቅዘፊያ አይዝም። ነገር ግን ልጁን ወደ ሳዑዲ ያልሸኘ የወሎ ቤት ስንት ነው? በአፋር በረሓ አቋርጦ ጅቡቲ የገባው፣ በኦቦክ ዳርቻ ጨለማ ጠብቆ ጀልባ ላይ የወጣው የእኛ ልጅ ነው። ከቤታችን ደጃፍ ጀልባ ባይኖርም ከቤታችን የወጣ ሰው ጀልባ ውስጥ አለ። እንግዲያው ነገሩ ይመለከተናል።

ጁምዓ ነውና ሱረቱል ካህፍን የቀራችሁ ሁሉ አንዲት ጀልባ ታውቃላችሁ። በባሕር ላይ ሠርተው የሚያድሩ ድሆች ንብረት ነበረች። በቡኻሪ እንደተዘገበው ባለ ጀልባዎቹ ኸዲርን ዐውቀውት ስለነበር እሱንና ነቢዩላሂ ሙሳን ዐለይሂ ሰላም ያለ አንዳች ክፍያ አሳፈሯቸው። ባሕሩ ላይ ሳሉ ኸዲር ከጀልባዋ ሳንቃ ነቀለ። ሙሳ ደነገጡ፤ በነጻ ባሳፈሩን ሰዎች ላይ እንዴት እንዲህ ይደረጋል ብለው ተቆጡ። ምክንያቱ የተገለጠላቸው ሲለያዩ ነው፤ እንከን የሌላትን ጀልባ ሁሉ በጉልበት የሚነጥቅ ንጉሥ ነበረ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ሰብርን ለማስተማር ነው፤ መልካም ነው። እኔ ግን ዛሬ ጀልባዋ ላይ እንድትቆዩ እፈልጋለሁ። ያ ጉዳት አላሰጠማትም። በነጣቂው ዓይን ዋጋዋን አወረደው፣ በድሆቹ እጅ አቆያት። ጀልባዋ ገላዋ ላይ ጠባሳ ይዛ ከባለቤቶቿ ጋር ቀረች። በዘመናችን በጀልባ ገላ ላይ የሚቀረጸው ቋሚ ቁጥር ሥራው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ትንሽ ያቆስላታል፣ ለሌባ ግን የማትሸጥ ያደርጋታል።

ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። በአሜሪካ ከ1972 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራም ሆነ ከውጭ የሚገባ እያንዳንዱ ጀልባ ቁጥር እንዲቀረጽበት ሕጉ ያዛል። ባለ 12 ፊደልና አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ሠሪውን ይናገራሉ፤ ተከታዮቹ አምስቱ የጀልባዋ የራሷ ተራ ቁጥር ናቸው፤ ከዚያ የተሠራችበት ወርና ዓመት፣ በመጨረሻም የሞዴሏ ዓመት ይመጣል። አውሮፓውያን የአገር መለያ ከፊት ጨምረው 14 አድርገውታል። በተራ ቁጥሩ ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ አንድና ዜሮን ስለሚመስሉ ነው።  ለራሱ ብቻ አንዲት ጀልባ በጓሮው የሠራ ሰው እንኳ ከሚኖርበት ግዛት መንግሥት ቁጥር ይቀበላል፤ የራሴ ናት፣ ማን ይጠይቀኛል ማለት አይችልም።

ቁጥሩ ሁለት ቦታ ይገባል። አንደኛው በጀልባዋ የኋላ ሳንቃ ላይ፣ ወደ ፊት ለሚያይ ሰው በቀኝ በኩል፣ ከላይኛው ጠርዝ ሥር ነው፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሁለተኛው ከውስጥ፣ ከተገጠመ ዕቃ ሥር ወይም በማይታይ ጥግ ይቀረጻል። ሌባ የሚታየውን ሞርዶ ጨረስኩ ይላል፤ የተሰወረው ግን ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ያ ጀማዓ፣ የሚታየውን ፍቆ ከተጠያቂነት የወጣ የሚመስለው ሰው በዚህ ዱንያ ብዙ ነው። አላህ ዘንድ ግን ሁለተኛው ቅጂ አለ።

አቀራረጹም ከቀለም የጠነከረ መሆን አለበት። ቀለም ፀሐይና ውኃ ይበላዋል፤ ለማጥፋትም አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ፋይበር ግላስ ከሆነች ቁጥሩ ገና በቅርጿ ውስጥ ሳለች አብሮ ይወጣል፣ ወይም በመቅረጫ መሣሪያ ይቆፈራል። አሉሚኒየም ከሆነች ፊደል ባለው ብረት በመዶሻ እየተመታ ይታተማል። እንጨት ከሆነች በጋለ ብረት ይተኮሳል። በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚለጠፍ ከሆነም፣ ሰሌዳው ሲነቀል የጀልባዋን ገላ አብሮ ልጦ ጠባሳ እንዲተው ሆኖ መያያዝ አለበት። የአሉሚኒየም ጀልባ ላይ የብረት ሪቬት የሚመታ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፤ ሁለቱ ብረቶች ጨዋማ ውኃ ሲያገኛቸው ዙሪያውን ይቦረቡረዋል፣ ምልክቱም ለጀልባዋ በሽታ ይሆንባታል።

ይህ የፈረንጅ ሥርዓት ነው፣ ዲናችን ውስጥ ምን አለው የሚል ቢኖር አነስን ይስማ። አነስ ረዲየላሁ ዐንሁ አዲስ የተወለደ ወንድማቸውን አቅፈው ወደ ነቢያችን ሰ.ዐ.ወ ሄዱ፤ ሕፃኑ በተምር እንዲባረክላቸው ነበር። ሲደርሱ ነቢያችን መተኮሻውን ብረት በእጃቸው ይዘው የሰደቃ ግመሎችን ምልክት ሲያደርጉ አገኟቸው። ይህን በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት፤ ሌላ ሰው ማዘዝ ይችሉ ነበር፣ በራሳቸው እጅ አደረጉት። የሰደቃ ግመል የሚስኪን ሐቅ ናት። ምልክት ከሌላት ከሌላ መንጋ ተደባልቃ ትቀራለች፤ የሚስኪኑም ሐቅ አብሯት ይጠፋል። በጆሮ ቁርጥ ከብቱን የሚለይ የቦረና ገበሬ ይህ ነገር አይጠፋውም።

እንስሳን ፊቱ ላይ መተኮስን ግን ነቢያችን አጥብቀው ከልክለዋል። ምልክት ማድረግ ተፈቀደ፤ በምልክት ሰበብ መጉዳት ተከለከለ። ጀልባ ላይ ቁጥር የሚቀርጽ ሰውም ይህን አደብ ይያዝ። ከውኃው መስመር በላይ ይቅረጽ፤ ገላዋ ስስ በሆነበት አይቆፍር፤ የበሳውን ቀዳዳ በደንብ ይድፈን። ለባለቤትነት ተብሎ የተሳፋሪ ነፍስ አደጋ ላይ አይጣልም።

ነቢያችን ስለ ጠፋ ዕቃ በተጠየቁም ጊዜ ያስተማሩት እንዲሁ ነው። የወደቀ ገንዘብ ያገኘ ሰው ዕቃውን የያዘውን ከረጢትና የታሰረበትን ማሰሪያ እንዲያውቅ፣ ከዚያም አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያስነግር አዘዙ። ከረጢቱና ማሰሪያው ለምን? ባለቤቱ ሲመጣ በምልክቱ እንዲታወቅ ነው። ምልክትን ማጥፋት እንግዲህ ምን እንደሆነ ተመልከቱ፤ ባለቤቱ ወደ ንብረቱ የሚመለስበትን መንገድ መዝጋት ነው። እዚህ ከተማችን ውስጥ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ስትገዙ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ሳታመሳክሩ ብር አትቁጠሩ። የተፋቀ ሻንሲ እያየ፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ የሚገዛ ሰው የሌላውን ቤተሰብ እንጀራ እየገዛ ነው። አላየሁም ማለት አያድነውም፤ ላለማየት መርጧልና።

ወደ ጀልባ ስንመለስ፣ የጣና ታንኳ ቁጥር የለውም። ከደንገል ይሠራል፤ በዚህ ሥራ የታወቁት ነገደ ወይጦ ወንድሞቻችን ሙስሊሞች ናቸው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ በወራት ውስጥ ያረጃል፤ ሠሪውና ተጠቃሚው ጎረቤት ናቸው፣ የማን እጅ እንደሠራው መንደሩ ያውቃል። ፋይበር ግላስ ጀልባ ግን ሠሪውን አልፎ ይኖራል፤ ሦስት አራት እጅ ይዞራል፣ አገር ይለውጣል። ጎረቤት የሚመሰክርለት ነገር ምልክት ባይኖረው ምስክሩ ጎረቤቱ ነው። ምስክር በሌለበት ግን ገላው ራሱ መመስከር አለበት።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልመለስ። ሰኔ 3 ቀን 2016 ከሶማሊያ ወደ የመን 260 ሰው የጫነች ጀልባ ሰጠመች። ከተሳፋሪዎቹ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ቢያንስ 49 ሞቱ፣ 140 የደረሱበት ጠፋ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ደግሞ በየመን አብየን ዳርቻ ሌላ ጀልባ ተገለበጠች፤ የሞቱት ከ90 በላይ ናቸው፣ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን። ይህን የሰማነው በሬዲዮ ነው። አንዳንዱ ቤት ደግሞ የሰማው ስልክ ሲደውል ማንም ሳያነሣ በመቅረቱ ነው።

ትልልቅ መርከቦች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ 7 አኃዝ ቁጥራቸውን ገላቸው ላይ በቋሚነት እንዲያትሙ ዓለም አቀፍ ግዴታ አለባቸው። መርከቧ ብትሸጥ፣ ስሟ ቢቀየር፣ ባንዲራዋ ቢለወጥ ቁጥሯ አይለወጥም። የመጨረሻው አኃዝ ከፊተኞቹ ስድስት ተሰልቶ የሚገኝ ስለሆነ እንዲያው የተፈጠረ ቁጥር ብዙ ጊዜ ወዲያው ይጋለጣል። ጭነት ለሚያመላልስ መርከብ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጓል። የእኛን ልጅ የሚጭነው ደላላስ? እሱ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ጀልባዋ የማን እንደሆነች ማንም እንዳያውቅ። ጨለማ የሚመርጠው፣ ስም የሚለዋውጠው፣ ስልክ በየሳምንቱ የሚቀይረው ስለዚህ ነው። ጀልባዋ ስትሰጥም የሚጠየቅ ሰው እንዳይኖር አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ኸዲርን በነጻ ያሳፈሩት ድሆች ባለቤትነታቸው የታወቀ ነበር። ይህኛው ደላላ መሳፈሪያውን በብዙ ሺህ ብር ይሸጣል፣ ማንነቱን ግን ይደብቃል።

በልጅ ነፍስ ላይ ፊርማውን ማኖር የማይደፍር ሰው፣ ልጅ እንዴት ይሰጠዋል?

ይህን ብዬ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ ምሕረቱን ለምኑት፣ እርሱ መሐሪ አዛኝ ነው።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና ለአላህ፤ ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

ያ ጀማዓ! አጭር ነገር ልጨምር። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ፣ በጣና፣ ወይም ከእኛ ገደል ሥር ያለፈው ዓባይ ተጠራቅሞ በተኛበት በንጋት ሐይቅ ላይ ዓሣ እያጠመደና ሰው እያሻገረ የሚተዳደር ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩት። ጀልባው ቁጥር ካላት ይወቀው፤ ከሌላት በሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስመዝግቦ በሁለት ቦታ ያስቀርጽ። የቁጥሩን ፎቶ አንሥቶ ለሚስቱ ወይም ለወንድሙ ይላክ፤ ስልኩ ከእሱ ጋር ውኃ ውስጥ ሊገባ ይችላልና። ሲሸጥ ሽያጩን ይጻፍ፣ ቁጥሩን በውሉ ላይ ያስገባ፣ ምስክር ያቁም። በቁርኣን ውስጥ ከአንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገረው ነው፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ እንዳንሰለች ታዘናል። ጀልባ ከዕዳ ወረቀት አታንስም።

አባቶች፣ እናቶች! ደላላ ቤታችሁ መጥቶ ልጃችሁን አደርስላችኋለሁ ሲል ሙሉ ስሙን፣ የሚኖርበትን ቀበሌ፣ የሚያሳፍርባት ጀልባ የማን እንደሆነች በሁለት ሽማግሌ ፊት ጻፍና ፈርም በሉት። አይፈርምም። እምቢታውን ስታዩ ብራችሁን መልሱ፣ ልጃችሁንም ያዙ። ጎረቤታችሁ ከብት ሸጦ ለዚህ መንገድ ገንዘብ ሲያዘጋጅ ካያችሁም ዝም አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሂዱና አነጋግሩት።

አላህ ሆይ፣ በባሕር ውስጥ የቀሩትን ልጆቻችንን ማራቸው፤ ነቢይህ የሰጠመ ሰው ሸሂድ መሆኑን ነግረውናልና ከሸሂዶች ቁጠራቸው። መቃብራቸው ያልታወቀውን አንተ ታውቀዋለህ። እናቶቻቸውን አጽናናቸው። በየመን እስር ቤትና በደላላ እጅ ያሉትን አስፈታቸው። በመንገድ ላይ ያሉትን በሰላም መልሳቸው። በአገራቸው ሠርተው የሚኖሩበትን ሪዝቅ ስጣቸው። በሰው ነፍስ የሚነግዱትን ወደ ተውባ ምራቸው፤ እምቢ ካሉም እጃቸውን ከልጆቻችን ላይ አንሣ። ለአገራችን ሰላም ስጣት፤ ለወሎ ዝናቡን በወቅቱ አውርድላት። አሚን።

ሰፋችሁን አስተካክሉ፤ ሶላት ይቁም።