ያገለገለ በር የሚሸጥ ሰው ምን ሊናገር ይገባዋል?

ያገለገለ የመኪና በር የሚሸጥ ሰው ስለ ዕቃው ምን ያህል ሊናገር ይገባዋል? ገዥው ካልጠየቀስ ዝምታው ሐሰት ይባላልን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ፣ ሱማሌ ተራ በሚባለው ስፍራ የሚነግዱ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሳይመልሱት የሚውሉበት ቀን የለም፤ የሚመልሱትም በሥራቸው ነው።

አስቀድመን ይህን ንግድ ከሚንቁት ወገን አለመሆናችንን እንገልጻለን። ፊቱ የተሰባበረ መኪና የኋላ በሩ ደኅና ሊሆን ይችላል። ያን በር አውልቆ ለሚያስፈልገው ማቅረብ ሊጠፋ የነበረውን ማዳን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ አሮጌ ኮሮላውን እንጀራው ያደረገ ሰው ያለ እነዚህ ነጋዴዎች ወዴት ይሄዳል?

በር ግን ከሌላው መለዋወጫ ይልቅ ነውርን ለመሸሸግ ይመቻል። ከውጭ ቀለም፣ ከውስጥ ሽፋን ይጋርደዋል፤ በመካከል ያለውን ያፈታታው ሰው እንጂ ገዥው አያየውም። የዝናብ ውኃ በመስታወቱ ጠርዝ ገብቶ ከበሩ ግርጌ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ሲደፈኑ ግን ውኃው በዚያው ይተኛና ላሜራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ባትላሜራው የተበላውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ሲቀባው በሩ አዲስ ይመስላል። (ማግኔት ይዞ የሚሄድ ገዥ አይታለልም፤ ስቱኮው በወፈረበት ማግኔቱ አይይዝምና።) በብዙ መኪኖች በር ውስጥም ከጎን ሲገጩ ተሳፋሪውን የሚጠብቅ የብረት አግዳሚ አለ፤ ታጥፎ የተቃና አግዳሚ እንደ ቀድሞው አይታመንም። ይህን እያወቀ ዝም የሚል ሻጭ፣ በዚያ በር አጠገብ ልጅ እንደሚቀመጥ ማሰብ ይገባዋል።

«ዋጋው ርካሽ ነው፤ ገዥው ራሱ ሊያውቅ ይገባው ነበር» ሲባል እንሰማለን። በዚህ አነጋገር ጥቂት እውነት አለበት። ርካሽ ዋጋ የበሩን እርጅና፣ የእጀታውን መላላትና የመስታወት ማውጫውን መድከም ይናገራል። ስቱኮውን ግን አይናገርም፤ እንዲያውም ስቱኮው የተቀባው ዋጋው ከፍ እንዲል ነው። ዓይን የሚያየውን ሳይናገሩ መተው አንድ ነገር ነው፤ ዓይን እንዳያይ መጋረድ ሌላ ነው። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል።

ከዚህ የሚከብደው የተሰረቀ ዕቃ ነገር ነው። ብዙ ባለ መኪናዎች የሰሌዳቸውን ቁጥር በስፖኪዮውና በመስታወቱ ላይ ያስቀርጻሉ፤ ቁጥሩ ተፍቆ ለገበያ የቀረበ ዕቃ የመጣበትን መንገድ ራሱ ይመሰክራል። ትናንት ስፖኪዮው የተወሰደበት ሰው ዛሬ ርካሽ ፍለጋ ይወጣል፤ ከየት መጣ ብሎም አይጠይቅም፤ ስለዚህ በከፈለው ብር የሌላው ሰው መኪና ነገ ይፈታል። ሕጉ እንደሆነ የተሰረቀበት ባለቤት ዕቃውን በቅን ልቡና ከገዛው እጅ እንኳ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል።

ነጋዴው በበኩሉ አንድ ስፖኪዮ ብቻ ይዞ የመጣውን ወጣት ቢመልሰው ጎረቤቱ ይገዛዋል፤ የቀኑ ትርፍም ለጎረቤቱ ይሆናል። ይህን ኪሳራ በቀላሉ የምናየው አይደለም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት አለበትና። እኛ ገዥዎች ዋጋ ብቻ እየጠየቅን ከዞርን ግን ከኪሳራው የሚካፈለው አይኖርም። በሩ ከየትኛው መኪና እንደወጣ የሚነግረንን፣ ሽፋኑን አንሥቶ ውስጡን የሚያሳየንን ሻጭ ፈልገን ጥቂት ብር ጨምረን ልንከፍለው እንችላለን። ሽፋኑን ለማንሣት ካቻቢቴና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።