እግር ኳስና የአሜሪካ ተመልካች፦ ጨዋታን መውደድ ከየት ይመጣል?

አሜሪካውያን እግር ኳስን በብዛት የሚመለከት ሕዝብ ይሆናሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለነጋዴዎችና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይተዋል። ከሥሩ ግን የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ አለ፤ ሰው አንድን ነገር የሚወደው ነገሩ ራሱ ስላማረ ነው ወይስ ከወገኖቹ ጋር አብሮት ስለኖረ?

የፊተኛውን መልስ የሚይዙ ሰዎች ምክንያቱን ከጨዋታው ባሕርይ ይፈልጋሉ። ጎል ይጠፋል፣ ጨዋታው በአቻ ያልቃል፣ በልጦ የተጫወተው ቡድን በአንዲት ስህተት ተሸንፎ ይወጣል፤ ልፋት ዋጋውን ያገኛል ብሎ የሚያምን ሕዝብ ይህን ሊወድ አይችልም ይላሉ። ክርክሩ ቢማርክም አያስኬድም። አሜሪካውያን ከመቶ ዓመት በላይ የወደዱት ቤዝቦል በዝግታ የሚሄድ፣ አንዳንዴም 1 ለ 0 የሚያልቅ ጨዋታ ነው። ጉዳዩ በተግባርም ተሞክሯል። ሜጀር ሊግ ሶከር እ.ኤ.አ. በ1996 በ10 ቡድኖች ሲጀመር ሰዓቱ ወደ ኋላ እየቆጠረ ዜሮ ላይ እንዲቆም ተደረገ፤ አቻ የወጡ ቡድኖችም ተጫዋቾቻቸው ከ35 ያርድ ኳስ እየገፉ ግብ ጠባቂውን ብቻውን በሚገጥሙበት ምት እንዲለያዩ ተወሰነ። ጨዋታውን አስቀድመው የሚወዱት ሰዎች በዚህ ቅር ተሰኙ፤ ከ1999 የውድድር ዘመን በኋላም ሁለቱም ደንቦች ቀሩ።

ሁለተኛው መልስ ወደ ታሪክ ይመራል። በ1920ዎቹ የፔንሲልቬኒያዋ ቤተልሔም የብረት ፋብሪካና የጨርቃ ጨርቅ ከተማዋ ፎል ሪቨር ጠንካራ ቡድኖች ነበሯቸው፤ አገሪቱም በ1930 በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። ይሁንና ቤዝቦልና የኮሌጆች የአሜሪካ እግር ኳስ የሕዝቡን ልብ ቀድመው ይዘውት ነበር። አባት ልጁን ይዞ ሜዳ ሲገባ የሚያወርሰው የጨዋታውን ደንብ ብቻ አይደለም፤ ማንን እንደሚደግፍና በማን እንደሚናደድም ጭምር ነው። ይህ ውርስ በገንዘብ እንደማይገዛ ኒውዮርክ ኮስሞስ አሳይቷል። ክለቡ ፔሌን በ1975፣ ቤከንባወርን በ1977 አስፈረመ፤ በ1977ም ለአንድ ጨዋታ ከ77 ሺህ በላይ ተመልካች ሰበሰበ። ክለቡ ይጫወትበት የነበረው ሊግ ግን ከ1984 አላለፈም። ያለ ልክ መስፋፋትና ኪሳራ እንደጎዱት እርግጥ ነው። ይበልጥ የጎዳው ግን ብዙው ሰው የመጣው ዝነኛ ተጫዋች ለማየት እንጂ የራሱን ክለብ ለመደገፍ አለመሆኑ ነው። ሜሲ በ2023 ኢንተር ማያሚን ሲቀላቀል ያው ፈተና ተመልሷል።

የሴቶች እግር ኳስ ከዚህ የተለየ መንገድ ሄዷል፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚያስተምረው እርሱ ነው። በትምህርት ቤቶች የጾታ አድልዎን የከለከለው የ1972ቱ ሕግ ለሴት ልጆች ስፖርት በር ከፈተ። ከ27 ዓመት በኋላ አሜሪካና ቻይና በሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ በፓሳዴናው ሮዝ ቦውል 90,185 ተመልካች ተገኘ። ከነዚህ መካከል ራሳቸው ኳስ የሚጫወቱ ብዙ ልጃገረዶች ነበሩ። ይህም ውርስ የግድ ከአያት ቅድመ አያት መምጣት እንደሌለበት፣ በአንድ ትውልድ ውስጥም ሊጀመር እንደሚችል ያሳያል።

«አሜሪካውያን» የሚባሉት እነማን እንደሆኑም መታየት አለበት። የሜክሲኮ ብሔራዊ ቡድን በአሜሪካ ስታዲየሞች ሲጫወት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ደጋፊ ይወጣል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከ1984 ጀምሮ በፌዴሬሽናቸው አማካይነት በየዓመቱ የእግር ኳስ ውድድር እያዘጋጁ ይሰባሰባሉ፤ እዚያ የተወለደ ልጅ ጨዋታውን የሚያውቀው በወላጆቹ ትዝታ ነው። እነዚህን ሁሉ እንደ እንግዳ ቆጥሮ «አሜሪካውያን እግር ኳስ አይወዱም» ማለት ሐሰት ብቻ ሳይሆን ፍትሕም የጎደለው ነው።

ስለዚህ እግር ኳስ በአሜሪካ ብዙ ተመልካች ያለው ስፖርት ከመሆን የሚያግደው የሕዝቡ ባሕርይ አይደለም፤ በከፊል ሆኗልም። አትላንታ ዩናይትድ ሜጀር ሊግ ሶከርን በተቀላቀለ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2018፣ ዋንጫውን ሲያነሳ በስታዲየሙ 73,019 ሰው ነበር። የአሜሪካን እግር ኳስ ከቀዳሚነቱ ያወርደዋል ማለት ግን አይደለም፤ ለመወደድም አንደኛ መሆን አያስፈልግም። ያልተቋጨው ጉዳይ ይህ ፍቅር የት ያርፋል የሚለው ነው። ቅዳሜ ጠዋት የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ በቴሌቪዥን የሚከታተለው አሜሪካዊ እግር ኳስ ወዳድ ሆኗል፤ በሚኖርበት ከተማ ያለው ክለብ ግን ገና የእርሱ ላይሆን ይችላል።