ራሱን የቻለ ከተማ ቆሻሻውን የት ይደፋል?

አዲስ አበባ እንደ ሲንጋፖር ራሷን የቻለች ከተማ-አገር ብትሆንስ? መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ይህ ክርክር ከቡና ጋር ይመጣል። ሁላችንም ኢንጂነሮች ነን፤ ቶሎ ወደ ግብርና ወደ ሕዝብ ብዛት እንሄዳለን። እኔ ግን የማልፈው በቆሼ በኩል ነው፤ ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው ሳይነጋገር መስኮት የሚዘጋበት ቦታ። ስለዚህ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የዚያች አገር ቆሻሻ የት ይደፋል?

ጥያቄው እንደ ቀልድ ይታያል እንጂ ጥንትም ነበረ። አርስቶትል ጻፈው በሚባለው የአቴናውያን ሕገ መንግሥት ውስጥ፣ የከተማዋ ሹማምንት አንዱ ሥራ እዳሪ ጠራጊዎች ከቅጥሩ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይርቁ እንዳይደፉ መቆጣጠር ነበር። ልብ በሉ፣ ርቀቱ የሚለካው ከቅጥሩ ነው። ከአንድ ገበሬ ደጃፍ አይደለም።

የእኛዋ ከተማ-መንግሥት ሐረር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1647 ጀምሮ የራሷ አሚር፣ የራሷም ሳንቲም ነበራት። መሃል ላይ ግብፆች 10 ዓመት ያህል ያዟት፤ በ1887 ደግሞ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ጠቀለሏት። የጀጎል በሮች ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ግንቡ ሥር ግን ለጅብ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅቡ ገብቶ የከተማውን ትራፊ በልቶ ይወጣል። ለሰው የተዘጋ ከተማ ለጅብ ክፍት! እኔ በጣም ነው የምወደው። ችግሩ ጅብ ፕላስቲክ አይበላም።

ሲንጋፖር ቆሻሻዋን አቃጥላ አመዱን እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ሰማካው የምትባል የራሷ ደሴት ላይ ትደፋለች። ውሃ ደግሞ ከማሌዥያ የምትገዛበት፣ እስከ 2061 የሚቆይ ውል አላት። ቢያንስ ዕዳዋ የተጻፈ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል፤ እዚያው አንቀጽ ውስጥ የኦሮሚያ ልዩ ጥቅምም አለ። ውሃችን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ይመጣል። ቆሻሻውን በ2008 ዓ.ም. ወደ ሰንዳፋ ወሰድነው፤ ገበሬዎቹ እምቢ አሉ፤ በወራት ውስጥ ቆመና መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። በሙያችን «ሎጉን ሌላ ሰርቨር ላይ ጣለው» የሚባል መፍትሔ አለ። የዚያኛው ሰርቨር ባለቤት ሲጮህ ነው መፍትሔ አለመሆኑ የሚገባን።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ጓደኞቼ ስለ ሰንዳፋ ሲያወሩ ካሳ ይላሉ፦ በቂ ካሳ ቢከፈል ኖሮ ያልቅ ነበር። ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የቆሼው ሰው ነው። የሰንዳፋው ገበሬ ከወሰኑ ውጪ ስለሆነ እምቢ ማለት ቻለ። የቆሼው ሰው ውስጥ ነው፤ ራስን በራስ ማስተዳደር የሚባለው ነገር በወረቀት የእሱም ነው። መኪናው ግን ደጁ ላይ ሲገለብጥ የጠየቀው የለም። ከሁለቱ የትኛው ነው ታዲያ ራሱን የሚያስተዳድር?

በ2010 ዓ.ም. የረጲ ኃይል ማመንጫ እዚያው አጠገብ ተመርቋል፤ ቆሻሻን ወደ መብራት ይቀይራል። ጥሩ ሐሳብ ነው። የሚቃጠለው ነገር ግን አመድ አለው፤ አመዱ የሚሄድበት ሰፈር ደግሞ ሰው አለበት። የአዲስ አበባን ነጻነት ለሚከራከርልኝ ሰው ካርታ አውጥቼ የምጠይቀው ያንን ሰፈር በጣቱ እንዲያሳየኝ ነው፤ ከዚያ ደግሞ እዚያ የሚኖረው ሰው እምቢ ቢል ማን ዘንድ እንደሚሄድ።